«ሹመት ያዳብር» ከመባሉ በፊት

አንድ ሰው ከፍ ወዳለ የሥራ ደረጃ መጠራቱ ሲሰማ ወዳጅ ዘመዱ «ሹመት ያዳብር!» ይለዋል። ምርቃቱ የቆየና ያማረ ነው። ይሁን እንጂ የሚደርሰው ተሿሚው እሺ ካለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አጭር ጊዜ፣ ማለትም ጥሪው ከደረሰበት ሰዓት አንሥቶ መልስ እስከሚሰጥበት ሰዓት ድረስ ያለው፣ በአስተዳደር ታሪካችን ውስጥ ብዙ ያልተመረመረ ነው። መዝገቦቻችን ሰው የተሾመበትንና የተሻረበትን ቀን በጥንቃቄ ይጽፋሉ። የተጠየቀው ሰው ምን መዝኖ እሺ ወይም እንቢ እንዳለ ግን አይጽፉም። ይሁንና የብዙ ሹማምንት ዕድል የተወሰነው በዚያች አጭር ጊዜ ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ከየካቲት 1966 እስከ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ያሉት ዘጠኝ ወራት የሚያህል ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። በእነዚያ ወራት በአዲስ አበባ መካከል፣ በመስቀል አደባባይ ዙሪያ፣ አምስት ታላላቅ ሰዎች በየተራ የአገሪቱን የበላይ አመራር እንዲይዙ ተጠሩ። ከእነዚህ አንዱ ፋታ ለመኑ፣ አንዱ ዝቅ ብለው ሠሩ፣ አንዱ ዝም አሉ፣ አንዱ ተቀብለው ተጋጩ፣ አንዱ ደግሞ አልቀበልም አሉ። መልሳቸው እንደ ተለያየ ሁሉ መጨረሻቸውም ተለያየ። የሥራ አመራር ሙያ ያለው ሰው ታሪኩን ሲያነብ ከፖለቲካው ባሻገር የራሱን ሥራ የሚነካ ጥያቄ ያገኝበታል።

ስፍራው

መስቀል አደባባይ በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ደመራ የሚበራበት ሰፊ ሜዳ ነው። ከበላዩ፣ በስተ ሰሜን፣ የንግሥናው 25ኛ ዓመት በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. ስሙን ያገኘው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይገኛል፤ ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ይባላል። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት፣ ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው በኩል፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ቆሟል። ከአደባባዩ ብዙ ሳይርቅ የአራተኛው ክፍለ ጦር ጠቅላይ ሰፈር ነበር። በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ደግሞ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ይለው የነበረው ወኅኒ ቤት ነበር፤ ዛሬ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ተሠርቶበታል።

ስለዚህ የሚሾመው ንጉሥ፣ የሚያሾመውና የሚያሽረው ጦር፣ የተሻረውም የሚገባበት ወኅኒ ቤት በአንድ አካባቢ ተቀራርበው ይገኙ ነበር። በዘጠኙ ወራት ውስጥ ሥልጣን ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲዛወር የተጓዘው መንገድ እጅግ አጭር ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን መኪና ተጭነው ወደ አራተኛው ክፍለ ጦር ሲወሰዱ ያለፉት በዚሁ አካባቢ ነው። አደባባዩም ከዚያ በኋላ «አብዮት አደባባይ» ተባለ፤ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያገኘው ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ነው።

ልማዱ

በኢትዮጵያ የሹመት ልማድ ውስጥ ሹመትን ለማግኘት የተዘረጋ ሰፊ ሥርዐት ነበር፤ ላለመቀበል ግን የተዘረጋ ሥርዐት አልነበረም ለማለት ይቻላል። ሹመት ፈላጊ ደጅ ይጠናል፤ አማላጅ ይልካል፤ ቀኑ ሲደርስለት እጅ ይነሣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሹመትን እንደ አላፊ ሲሳይ ያየው የነበረውን አስተሳሰብ ያሳያል። ንጉሥ የሰጠውን ሹመት አልፈልግም ማለት ግን ትሕትና ሳይሆን ድፍረት ወይም የተሰወረ ተቃውሞ ሊመስል ይችል ነበር። ሹመቱ ራሱ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የተሸፈነ ግዞት ይሆናል፤ አምባሳደር ሆኖ ወደ ሩቅ አገር መላክ ማለት ከአዲስ አበባ መራቅ ማለት ነበርና።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ374 የሚላኖ ሕዝብ ገና ያልተጠመቀውን አገረ ገዥ አምብሮስዮስን ኤጲስ ቆጶስ ይሁንልን ብሎ በጮኸ ጊዜ፣ ሰውየው ሹመቱን ለማምለጥ ብዙ ሞክሮ ነበር፤ በመጨረሻ ተቀበለ። በዚህ ዐይነቱ ልማድ አስቀድሞ እንቢ ማለት የብቃት ምልክት ነው። በመንግሥት ሥራ ግን ይህ ዐይነት ልማድ ስላልነበረ፣ የተጠራ ሰው የሚያመነታበት የተከበረ መንገድ አልነበረውም።

በሕግ በኩል ደግሞ የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን የመሾምና የመሻር ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አድርጎታል። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን ራሱ መርጦ እንዲያቀርብ ቢፈቀድም፣ የሥልጣኑ ምንጭ ያው አንድ ሰው ሆኖ ቀረ። በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዕድልም ለተከታዮቻቸው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባው ነበር። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው በሕመም አረፉ። ተከታያቸው ራስ አበበ አረጋይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ። በእነዚያው ቀናት አማፅያኑ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ሰይመዋቸው ነበር፤ ሙከራው ሲከሽፍ ስያሜውም አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ቦታውን ይዘው ለ13 ዓመት ያህል ቆዩ።

ፋታ የጠየቁት ጠቅላይ ሚኒስትር

የ1966 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ተደራረበ። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የሚገኘው ጦር በምግብና በውኃ ጉድለት አምፆ አለቆቹን ያዘ። የወሎ ረኀብ የመንግሥትን ስም አጎደፈ። የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የትምህርቱን ዘርፍ ለመለወጥ የቀረበውን ጥናት በመቃወም መምህራንም አድማ መቱ። በመጨረሻም የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። በማግሥቱ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

ልጅ እንዳልካቸው ለቦታው እንግዳ አልነበሩም። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ናቸው። በኦክስፎርድ ተምረዋል፤ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ለድርጅቱ ዋና ጸሐፊነት ከታጩት አንዱ ነበሩ። በተጠሩበት ጊዜ የመገናኛ ሚኒስትር ነበሩ። በትምህርትም፣ በልምድም፣ በአንደበትም ቢመዘኑ ከእሳቸው የሚሻል ዕጩ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ስለዚህ የእሳቸውን ነገር የአቅም ማነስ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ችግሩ ከሰውየው ሳይሆን ከተሰጣቸው ሥራ ነበር።

የተሰጣቸው ወንበር ስሙ ከፍተኛ ነው፤ የሚታዘዝለት ግን ጥቂት ነበር። ወታደሩ ደመወዙን ያስጨመረው በጠመንጃው እንጂ በካቢኔ ውሳኔ አልነበረም። ሠራተኛው ማኅበር ከየካቲት 28 ቀን ጀምሮ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንደሚሻሻል ቃል ገቡ፤ ለማሻሻያው የሚያስፈልገው ጊዜ ግን በማንም እጅ አልነበረም። በዚህ መካከል አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሕዝቡ የለመኑት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ፋታ ነው። «ፋታ» የምትለው ቃል ከስማቸው ጋር ተያይዛ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ የሥራ መሪ ከዚህ የሚማረው ቁም ነገር አለ። ፋታ ከሹመት በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው፤ ከሹመት በኋላ ሲጠየቅ ልመና ይሆናል። ተሿሚው ገና ሳይቀበል «ይህን ያህል ጊዜ ያስፈልገኛል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይህን እሠራለሁ፤ ይህን ግን አልሠራም» ብሎ ከሿሚው ጋር ለመስማማት አቅም አለው። ከተቀበለ በኋላ ግን ጊዜውን የሚሰጡት ሌሎች ናቸው። በልጅ እንዳልካቸው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ነበር። ፋታውን ሊሰጣቸው የሚችለው ጦሩና ጎዳና ላይ የወጣው ሕዝብ ነው፤ ሿሚያቸው ግን ከእነዚህ አንዱን እንኳ ማዘዝ አይችሉም ነበር። ሿሚው ሊሰጥ የማይችለውን ነገር የሚጠይቅ ሥራ መቀበል ማለት ይህ ነው።

በሚያዝያ ወር የቀድሞው ካቢኔ ሚኒስትሮች ታሰሩ፤ አክሊሉም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ሰኔ 21 ቀን ከየጦር ክፍሉ የተላኩ ከመቶ በላይ ወታደሮች በአራተኛው ክፍለ ጦር ተሰብስበው ደርግን አቋቋሙ። ሐምሌ 15 ቀን ልጅ እንዳልካቸው ከሥልጣናቸው ወረዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ታሰሩ። በወንበሩ ላይ የቆዩት 144 ቀን ነው።

ኀምሳ ሁለት ቀን

የልጅ እንዳልካቸውን ቦታ እንዲይዙ የተጠሩት ልጅ ሚካኤል እምሩ ናቸው። አባታቸው በ1953 ዓ.ም. ለዚሁ ወንበር ስማቸው የተጠራው ራስ እምሩ ናቸው። ልጅ ሚካኤል በዋሽንግተንና በሞስኮ አምባሳደር ሆነው የሠሩ፣ በለውጥ ደጋፊነታቸው የሚታወቁ ሰው ነበሩ። በተሾሙበት ጊዜ እውነተኛው ሥልጣን የት እንዳለ ግልጽ ሆኗል። የሾሟቸው በስም ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ እንዲሾሙ የፈለገው ግን ደርግ ነበር። በነሐሴ ወር የዘውድ ምክር ቤቱና ሌሎቹ የቤተ መንግሥት ተቋማት አንድ በአንድ ሲፈርሱ ካቢኔው አላስቆማቸውም፤ ሊያስቆማቸውም አይችልም ነበር።

ልጅ ሚካኤል በጠቅላይ ሚኒስትርነት የቆዩት 52 ቀን ብቻ ነው። መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ የእሳቸውም ሹመት አበቃ። ከዚያ በኋላ የማስታወቂያ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የፖለቲካ አማካሪ ሆነው ሠሩ። ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ወደ አንድ ሚኒስቴር መውረድ በአገራችን ልማድ እንደ ውርደት ሊቈጠር ይችል ነበር። ነገር ግን ደረጃን ሳይሆን ሊሠራ የሚችለውን ሥራ መመዘን የሚችል ሰው እንዲህ ያለውን መውረድ ሊቀበለው ይችላል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር በሥርዐት ከተቀመጡት አምስት ሰዎች መካከል ሦስቱ በጥይት ሲሞቱ፣ ልጅ ሚካኤል ከዚህ ዕጣ የተረፉ ናቸው። መትረፋቸው የብልኅነት ውጤት ብቻ ነበር ማለት ባይቻልም፣ ወንበሩን ከሆነው በላይ አድርገው አለማየታቸው እንደ ረዳቸው መገመት ይቻላል።

ዝምታና ፊርማ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ ቀን ሁለት ጥሪዎች ተላለፉ። የመጀመሪያው ለአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነው። ደርግ አባታቸውን ካወረደ በኋላ ልዑሉ ንጉሥ እንዲሆኑ አወጀ። ልዑሉ ግን በጠና ታመው በውጭ አገር በሕክምና ላይ ነበሩ። በ1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች ስማቸውንና ድምፃቸውን ተጠቅመውበት ነበርና፣ ሌሎች በስማቸው ሥልጣን ሲይዙ ይህ ሁለተኛው ጊዜ ነው። ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ዘውዱንም አልጫኑም። መጋቢት 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ራሱ በዐዋጅ ተሻረ። ምላሽ አለመስጠትም እንደ ሁኔታው መልስ ሆኖ ያገለግላል፤ ያቀረበው ወገን የምር ባልፈለገው ሹመት ላይ ጊዜው ራሱ ይፈርዳልና።

ሁለተኛው ጥሪ የሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ነው። ጄኔራሉ በኮሪያ የዘመቱ፣ በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ውጊያ ሦስተኛውን ክፍለ ጦር የመሩ፣ በወታደሩ ዘንድ እጅግ የተወደዱ መኰንን ነበሩ። ከጦር አመራር ተነሥተው በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እንዲቀመጡ ከተደረገ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. ክረምት የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም፣ ከዚያም በልጅ ሚካኤል ካቢኔ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። መስከረም 2 ቀን የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሊቀ መንበር ተባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ በሚገባ ሊጤን ይገባል። ጄኔራሉ የደርጉ ሊቀ መንበር እንጂ አባል አልነበሩም። ደርግ የተመረጠው ከየጦር ክፍሉ ነው፤ እሳቸው ከየትም አልተመረጡም። ስለዚህ ስብሰባውን ይመራሉ እንጂ በስብሰባው ውስጥ የእሳቸው ወገን የሚባል ድምፅ በውክልና አልያዙም። ስማቸው ለደርጉ ክብርና መተማመኛ ሰጥቶታል፤ ደርጉ ግን በምላሹ የሥልጣኑን መሠረት አልሰጣቸውም። በአስተዳደር ቋንቋ ሲገለጽ፣ ተጠያቂነት ያለው ነገር ግን ሥልጣን የሌለው ሹመት ነበር።

ጄኔራሉ ይህን በፍጥነት አዩት። በኤርትራ ያለው ችግር በሰላም እንዲፈታ ፈለጉ፤ ለዚሁም ወደዚያው ተጉዘው ሕዝቡን አነጋገሩ። ደርግ ውስጥ ያለው ሌላው ወገን ግን ተጨማሪ ጦር እንዲላክ ፈለገ። የታሰሩት ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ እንዲገደሉም ሐሳብ ሲነሣ ጄኔራሉ ተቃወሙ። አንድ ባለ ሥልጣን የማይስማማበትን ትእዛዝ እንዲፈርም ሲጠየቅ፣ ፊርማው ከሹመቱ ይልቅ የእሱ የራሱ ይሆናል። ጄኔራል አማን ፊርማቸውን ከለከሉ። በኅዳር ወር ከቢሮ ርቀው በቤታቸው ተቀመጡ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡት ወታደሮች ጋር ሲታኰሱ በመኖሪያ ቤታቸው ተገደሉ። ከተሾሙ 72ኛ ቀናቸው ነበር።

በዚያችው ሌሊት ሕዝቡ «ስድሳዎቹ» የሚላቸው ባለሥልጣኖች በወኅኒ ቤት ተረሸኑ። አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ አንዱ ሌላውን በተካበት ወንበር ላይ በየተራ የተቀመጡት ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ በአንድ ሌሊት አለቁ። በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሰብሳቢነት የባለሥልጣኖቹን ጥፋት እንዲያጣራ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሥራውን ገና አልጨረሰም ነበር። የኮሚሽኑም ዕጣ የዚያን ዘመን ሹመት ጠባይ ያሳያል፤ እንዲመረምር ተሾመ፤ ውሳኔው ግን ምርመራውን አልጠበቀም።

አልቀበልም ያሉት ደራሲ

አምስተኛው ተጠሪ አቶ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። አብዮቱ በፈነዳበት ወቅት ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ጠየቃቸው፤ አልቀበልም አሉ።

ይህን መልስ ለመረዳት ሰውየው ከዚያ በፊት ምን እንደ ተቀበሉ ማየት ያስፈልጋል። ሐዲስ ከኀላፊነት የሚሸሹ ሰው አልነበሩም። በጎጃም ተወልደው የቅኔ ትምህርት የተማሩ፣ በመምህርነት የጀመሩ ናቸው። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም. ተይዘው በኢጣሊያ ደሴቶች እስከ ጦርነቱ አጋማሽ ታሰሩ። ከእስር እንደ ወጡ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታትና በሎንዶን አገራቸውን ወክለው ሠሩ። የትምህርት ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የፕላን ሚኒስትር ሆኑ፤ በመጨረሻም በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቀመጡ። በዚህ ሁሉ መካከል በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲጠሩ እሺ እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን በዚያው በ1966 ዓ.ም. ያሳተሙት ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ስሙ «ኢትዮጵያ ምን ዐይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል ነው። ስለዚህ ጥሪው የደረሰው ስለ አስተዳደር ምንም ላላሰበ የሥነ ጽሑፍ ሰው አልነበረም። ጥያቄውን በመጽሐፍ ርእስ አድርገው ለሕዝብ ያቀረቡ ሰው ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «ሐሳቤን በተግባር የማውልበት ጊዜ መጣ» ሊል ይችላል። ሐዲስ ግን በጽሑፍ ሐሳብ ማቅረብንና በሌላ ሰው እጅ ባለ ሥልጣን ስም መጠራትን ለያይተው ያዩ ይመስላል። ምን ዐይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልግ የመረመረ ሰው፣ የቀረበለት ወንበር ያ አስተዳደር መሆን አለመሆኑን ለመለየት ከማንም የተሻለ ዝግጅት ነበረው።

በሌላው ዓለምም ለዚህ የሚመሳሰል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1952 የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲሞቱ፣ መንግሥቱ ቦታውን ለአልበርት አይንስታይን አቅርቦ ነበር። ሳይንቲስቱ ጥሪው እንደ ነካቸው ገልጸው፣ ከሰዎች ጋር በተገቢው መንገድ ለመሥራት የሚያስፈልገው ተሰጥዎም ልምድም እንደሌላቸው በመናገር ሳይቀበሉት ቀሩ። የሁለቱ ልዩነት ግን ሊዘነጋ አይገባም። አይንስታይን እንቢ ያሉት በሰላም አገር ተቀምጠው፣ ምንም አደጋ ሳያሰጋቸው ነው። ሐዲስ ግን እንቢ ያሉት እንቢታ እንደ ተቃውሞ ሊቈጠር በሚችልበት ከተማ፣ ጠመንጃ ለያዘ ወገን ነው።

ሐዲስ ከዚያ በኋላ የተረፋቸውን ዕድሜ ለጽሕፈት አዋሉት። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980፣ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ታተሙ። በ1996 ዓ.ም. አረፉ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባለው ሹመት ግን ልጅ ሚካኤል ከወረዱ በኋላ እስከ 1980 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ባለቤት አልነበረውም። ደርግ ያለዚያ ሹመት 13 ዓመት መግዛቱ፣ ለሐዲስ የቀረበው ወንበር ምን ያህል ለደርጉ አሠራር አስፈላጊ እንደ ነበረ በራሱ ይመሰክራል።

በሌላ ወገን የሚቀርብ ክርክር

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ አግባብ ያለውም ነው። ደግና ዐዋቂ ሰው ሁሉ እንቢ ካለ ሥራውን ማን ይሠራዋል? ወንበር ባዶውን አይቀመጥም። ጄኔራል አማን ከተገደሉ ከአምስት ቀን በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ ባንቲ በቦታቸው ተተኩ፤ እሳቸውም በጥር 1969 ዓ.ም. ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ወንበሩን የያዙት ምክትላቸው የነበሩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በዚሁ አደባባይ በሕዝብ ፊት ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን የከሰከሱት እሳቸው ነበሩ። የዚያ ዘመን ሰለባዎች መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. በአደባባዩ ዳር ተከፍቷል። ስለዚህ እንቢታ የሚተወው ክፍት ቦታ በማን እንደሚሞላ ማሰብም ከተጠሪው ኀላፊነት የወጣ አይደለም።

ደግሞም ጄኔራል አማን በወንበሩ ላይ ሆነው መቃወማቸው ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። ግድያውን ከልክለው ለማቆየት የሞከሩት ሹመቱን ስለ ተቀበሉ ነው። ልጅ ሚካኤልም ዝቅ ባለ ቦታ የሠሩት ሥራ ሥራ ነው። በዚያው ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የመምሪያ ኀላፊዎች፣ መሐንዲሶች፣ ሐኪሞችና ሒሳብ ሹሞች በቦታቸው ባይቆዩ ኖሮ የከተማው መብራትና ውኃ፣ ስልክና ሆስፒታል በማን እጅ ይቀር ነበር? እንቢ ማለትም በራሱ ደግነት አይደለም። ሰው በፍርሀት፣ በስንፍና፣ ወይም ለምቾቱ ብሎ እንቢ ሊል ይችላል። የሐዲስ እንቢታ ክብደት ያገኘው ከእሱ በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል እሺታ ስለ ነበረ ነው።

ሊመዘኑ የሚገባቸው ነገሮች

ከእነዚህ አምስት ታሪኮች፣ የመንግሥት ይሁን የድርጅት ሹመት ለቀረበለት ባለሙያ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ሿሚው ማን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ቃል የገባውን ለመስጠት የሚችል መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። የልጅ እንዳልካቸው ሿሚ ወንበሩን መስጠት ይችሉ ነበር፤ ጊዜውንና ታዛዡን መስጠት ግን አይችሉም ነበር። በዛሬ መሥሪያ ቤትም ዋና ሥራ አስኪያጁ በጀቱን፣ የሰው ኀይሉን፣ የቦርዱን ድጋፍ በእርግጥ በእጁ ይዞ እንደ ሆነ ሳይታወቅ የሚሰጥ እሺታ ያው ነው።

ሁለተኛ፣ ኀላፊነቱና ሥልጣኑ የሚመጣጠኑ መሆናቸውን በግልጽ ማረጋገጥ ይገባል። የጄኔራል አማን ሹመት ስሙ ከሁሉ የበላይ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን ከፊርማ አያልፍም ነበር። የሚፈርመውን ወረቀት መምረጥ የማይችል ሹም፣ በስሙ ለሚፈጸመው ነገር ግን ይጠየቃል። ስለዚህ ከመቀበል አስቀድሞ «ምን ያህል ደመወዝ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «የማልፈርመው ምንድን ነው?» የሚለው መቅደም አለበት። የማይፈርመውን አስቀድሞ ያልለየ ሰው፣ ፊርማው በተጠየቀበት ቀን ለመለየት ጊዜ አያገኝም።

ሦስተኛ፣ ከወንበሩ የሚወረድበት መንገድ ከመውጣት በፊት መታወቅ ይገባዋል። ልጅ ሚካኤል ዝቅ ብሎ መሥራት የሚቻልበትን መንገድ አገኙ፤ ልጅ እንዳልካቸውና ጄኔራል አማን ግን መውረጃ የሌለው ወንበር ነበር የደረሳቸው። በተራው የሥራ ዓለም ዋጋው ሕይወት አይሆንም። ይሁንና ሥራ ተረክቦ በክብር ማስረከብ የማይቻልበት ድርጅት፣ ሥራው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ችግር ያለበት ድርጅት ነው።

በመጨረሻም ለሙያ ማኅበራችን የሚገባ አንድ ሥራ አለ። መሥሪያ ቤቶቻችን የሹመት ደብዳቤዎችን በፋይል ያኖራሉ። ለሹመት ተጠርተው ያልተቀበሉ ሰዎች የጻፉትን መልስ ግን የሚያኖር የለም፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ በቃል ብቻ ስለሚሰጥ ምክንያቱም ከሰውየው ጋር ያልፋል። የሐዲስ መልስ የሚታወሰው ሰውየው ታላቅ ደራሲ ስለ ነበሩ ነው። ስማቸው ያልታወቀ፣ በየሚኒስቴሩና በየድርጅቱ ተጠርተው የመዘኑና የመለሱ ባለሙያዎች ብዙ መሆናቸው አያጠራጥርም። የጡረታ ጊዜያቸው የደረሰ አባላት እሺ ያሉበትንም እንቢ ያሉበትንም ምክንያት በጽሑፍ ቢያኖሩ፣ ነገ ለሚጠራው ወጣት ባለሙያ ከምርቃቱ ቀደም ብሎ የሚደርስለት ምክር ይሆናል።